«ሙሉ የጉበት ትል ሕክምና» ተብሎ ገበያ ላይ የሚሸጠውን ጥቅል አትግዙ

በጎርጎራና በደምቢያ ከብታችሁን ባህር ሸሽ (የጣና ውኃ ሲሸሽ የሚወጣው መሬት) ላይ የምታሰማሩ፣ አዘዞም ላይ ለገበያ የምታደልቡ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ዘዋሪ ሻጮች «ለአንድ በሬ ሙሉ ሕክምና» እያሉ የሚያዞሩት ጥቅል ውስጥ ያለው ሁለት ባለ 300 ሚሊ ግራም የአልቤንዳዞል ክኒንና አስቀድሞ በስሪንጅ የተቀዳ 10 ሚሊ ሊትር ቢጫ መርፌ ነው። መርፌው ባለ 10 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ባክቴሪያ ይገድላል፤ ትልን ግን አይነካም።

ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። የበሬውን ደረት ከፊት እግሩ ኋላ በሜትር ዙሩት፤ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ለኩ፤ ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር ያዙ። የዙሪያውን ቁጥር በራሱ፣ ከዚያም በርዝመቱ አባዙትና ለ10,840 አካፍሉት፤ ግምታዊ ኪሎው ይወጣል። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲ ሜትር የሆነ በሬ ወደ 270 ኪሎ ይመዝናል። ለጉበት ትል የአልቤንዳዞል መጠኑ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ስለሆነ 2,700 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 9 ክኒን ያስፈልገዋል። ሻጩ የሰጣችሁ 2 ነው። ይህ ለተራ የሆድ ትል እንኳ አይበቃም፤ ያነሰ መጠን ደግሞ የሚተርፈውን ትል መድኃኒቱን ያለማምደዋል። እበቱ ላይ ነጭ ትል ታየ ብላችሁ «ሠራ» አትበሉ፤ እሱ የሆድ ትል ነው። የጉበት ትል ያለው በሐሞት ቱቦ ውስጥ ነው።

9ኙንም ብትሰጡ ሌላ ችግር አለ። የጉበት ትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ተፈልፍሎ፣ ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ፣ መጨረሻ ሣር ላይ ይጣበቃል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ የገባው ግልገል ትል ሁለት ወር ያህል ጉበቱን እየቦረቦረ ይቆያል። አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን ብቻ ነው። ግልገሉንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፦ ለከብት በኪሎ 12 ሚሊ ግራም። ለዚያው በሬ ክኒኑ ባለ 900 ሚሊ ግራም ከሆነ 4 ክኒን መሆኑ ነው። ወተቷ ለምትሸጥ ላም ግን ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ። አልቤንዳዞልም ላሟ ባረገዘች በመጀመሪያዎቹ 45 ቀናት፣ በጓ በ30 ቀናት ውስጥ ክልክል ነው፤ ጥቅሉን የሚሸጠው ሰው ይህን ሲናገር አትሰሙትም።

መርፌው ላይ ብዙ አንቆይ። ለ270 ኪሎ የዕለቱ መጠን 27 ሚሊ ሊትር ስለሆነ 10 ሚሊ ሊትር ሲሶውን ያህል ነው፤ የሚደጋገመውም ለቀናት ነው። ስሪንጅ ውስጥ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መድኃኒት ይበላሻል፣ ይጠቁራል። ጠርሙሱ ስለሌለም የአገልግሎት ጊዜውን ማየት አትችሉም። በዚያ ላይ ያንኑ መርፌ ከከብት ከብት ማዛወር ገንዲ የተባለውን የደም ጥገኛ በሽታ ያስተላልፋል።

ከመግዛታችሁ በፊት እበት አስመርምሩ፦ ትኩሱን በንጹሕ ዕቃ ከድናችሁ በዚያው ቀን ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ውሰዱ። ውጤቱ «እንቁላል የለም» ቢልም ግልገሉ ገና እንቁላል ስለማይጥል፣ ከብቱ ከከሳ ወይም መንጋጋው ሥር ካበጠ ለሐኪሙ ንገሩት። መድኃኒቱን ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት፣ በማሸጊያው ውስጥ እንዳለ፣ ከነደረሰኙ ግዙ። ጥቅሉን ቀድማችሁ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ የሰጣችሁበትን ቀንና የክኒኑን መሸፈኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚቀጥለውን መጠን የሚያሰላው በዚያ ነው።