ፒችትሪያችንን ከነዊንዶውስ 7ቱ ላሻገረችልን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ቤታችሁ ሆናችሁ የሰው ሒሳብ የምትሠሩ፣ የድሮ ፒችትሪ (የሒሳብ መያዣ ፕሮግራም) ላይ የዓመታት መዝገብ የተከማቸባችሁ፣ «ይሄ አሮጌ ኮምፒውተር አንድ ቀን አልነሳም ቢለኝ ምን ይውጠኛል» የምትሉ ሁሉ፣ ይህ ጥቆማ ለእናንተ ነው። መጀመሪያ ግን ምስጋናው ይቅደም፦ አንድ ዴስክቶፕና አንድ ላፕቶፕ ያየችልን እህታችን እጇን ቁርጥማት አይንካው። ስሟ አደባባይ እንዲወጣ አልፈለገችም፤ ስልኳን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ ትመጣለች። የአንዳችን ሥራ ሒሳብ፣ የሌላችን ኔትወርክ ነው፤ ስለዚህ የምናወድሳት ሥራዋን መዝነን እንጂ በይሉኝታ አይደለም።

ሥራው ይህ ነበር። ዊንዶውስ 7 ያለበት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ በውስጡ ፒችትሪ 2010፣ የደንበኞች መዝገብና በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎች። ሐርድ ዲስኩ መንቋቋት ጀምሯል። የተገዛው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 11፣ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ አለው። ፒችትሪ 2010 ለኤክስፒና ለቪስታ ዘመን የተሠራ ነው፤ ዊንዶውስ 11 ላይ በግድ ቢጫን እንኳ ከስሩ የሚሠራው የፐርቬሲቭ ዳታቤዝ አንድ ቀን አልነሳም ሲል የሚጠየቅ ድርጅት የለም። ስለዚህ አሮጌውን ዊንዶውስ እንዳለ አንስታ በአዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ቨርችዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ማሽን፣ አደረገችው።

ለዚህ የመረጠችው ቨርችዋልቦክስ የተባለውን የቨርችዋል ማሽን ማስኬጃ ፕሮግራም ነው። መሠረታዊው ጥቅል ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠሩት የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ዊንዶውስ ሆም ላይ የለም፤ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ለንግድም ነጻ ቢሆንም ለማውረድ ብሮድኮም ላይ አካውንት መክፈት ይጠይቃል። ማንም በቴሌግራም የላከውን ፋይል ግን አትጭንም። ይሄ ብቻውን ያስመሰግናታል።

አሮጌውን ኮምፒውተር ከመንካቷ በፊት ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ከፒችትሪው ራሱ ባክአፕ ማውጣት ነው፤ «ፒቲቢ» የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል፣ ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻ፣ በሁለት ፍላሽ። በአዲስ ፒችትሪ የወጣ ባክአፕ በአሮጌ ፒችትሪ ስለማይከፈት የፕሮግራሙን ስሪት ወረቀት ላይ ጽፋ ከፍላሹ ጋር አስቀመጠች። የቀረው ሁሉ ቢበላሽ መዝገቡ ተርፏል ማለት ነው። ብዙ ጠጋኝ ይህን ትቶ በቀጥታ ዲስኩን ይጀምራል፤ የሚንቋቋ ዲስክ ደግሞ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።

ከዚያ ዲስክ2ቪኤችዲ የተባለውን የማይክሮሶፍት ሲስኢንተርናልስ መሣሪያ ተጠቀመች። ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ዲስኩን ወደ አንድ ትልቅ ፋይል የሚገለብጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እዚህ ላይ ሦስት ቦታ ይሳሳታል ሰው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የዲስኩን ክፍሎች ሲዘረዝር «ሲ»ን ብቻ መርጦ 100 ሜጋ የምታህለውን «ሲስተም ሪዘርቭድ» መተው። ዊንዶውስ 7 የሚነሳው በእሷ ነው፤ ካልተገለበጠች ማሽኑ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ «ቪኤችዲኤክስ» (አዲሱ የዲስክ ፋይል ዓይነት) ከሚለው ላይ ምልክቱን አለማጥፋት፤ ቨርችዋልቦክስ ተስማምቶ የሚሠራው ከድሮው ቪኤችዲ ጋር ነው። ሦስተኛ፣ ፋይሉን እዚያው በሚገለበጠው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ። እሷ ወደ ኤክስተርናል ነው ያወጣችው፤ የኤክስተርናሉም ፎርማት ፋት32 ሳይሆን ኤንቲኤፍኤስ መሆኑን አስቀድማ አይታ። ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ የሚሰጠው መልእክት ደግሞ ዲስኩ የሞላ ያስመስለዋልና ሰውን ያደናግራል።

ፋይሉን ቨርችዋልቦክስ ላይ አስገብታ ስታስነሳው ሰማያዊ ስክሪን፣ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ቁጥር። ይህን ሲያይ «ዲስኩ ተበላሽቷል» ብሎ እጁን የሚያጥብ ሞልቷል። ምክንያቱ ሌላ ነው፦ አሮጌው ዊንዶውስ የሚያውቀው የድሮውን የዲስክ መቆጣጠሪያ ሆኖ ሳለ ቨርችዋል ማሽኑ ዲስኩን በሳታ፣ በአዲሱ የዲስክ ማገናኛ፣ ሰጠው፤ ሾፌሩ (ድራይቨሩ) ሲነሳ ስላልተጫነ የራሱን ዲስክ ማየት አቃተው። ማሽኑን አጥፍታ፣ ስቶሬጅ የሚለው ውስጥ ገብታ፣ ዲስኩን ከሳታው ላይ ነቅላ በድሮው ማገናኛ በአይዲኢ ላይ ሰካችው። ወዲያው ተነሳ። ኋላ ላይ ከሚዲያ ማናጀሩ ኮፒ ብላ ፋይሉን የቨርችዋልቦክስ የራሱ ወደሆነው ቪዲአይ ቀየረችው፤ ቪኤችዲውን ደግሞ እንዳይነካ ኤክስተርናሉ ላይ ተወችው።

ራም ላይ ስስት አያስፈልግም፣ ልግስናም አያስፈልግም። ከ8 ጊጋው ለውስጡ 32 ቢት ዊንዶውስ 7 የሰጠችው 2 ጊጋና 1 ኮር ነው። ግማሹን ሰጥቶ ዋናውን ኮምፒውተር ማስቃተት ልማድ ሆኗል፤ ዊንዶውስ 11 ራም ሲያንሰው ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ የውስጡም ማሽን አብሮ ይጎተታል። የግራፊክስ መቆጣጠሪያውን ቪቦክስ-ኤስቪጂኤ አደረገችው። ቪኤም-ኤስቪጂኤ ለሊኑክስ ነው የሚሻለው፤ ዊንዶውስ 7 ላይ ስክሪኑ አልዘረጋም የሚል ሰው መጀመሪያ እዚያ ይመልከት።

አሁን ወደ ዋናው የጥቆማችን ምክንያት። ቨርችዋል ማሽኑ በደንብ ሲሠራ ሰንብቶ አንድ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመለስ አልነሳም አለ፤ የሚያወጣው መልእክት ቪቲ-ኤክስ (የሲፒዩው ቨርችዋል ማሽን የማስኬጃ አቅም) ባዮስ (የኮምፒውተሩ የአነሳስ ሴቲንግ) ላይ ተዘግቷል የሚል ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ተጭኖ ባዮስ መግባት፣ ቨርችዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ የሚለውን መክፈት (ኤኤምዲ ላይ ስሙ ኤስቪኤም ሞድ ነው)፣ ሴቭ አድርጎ መውጣት። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ የሚለው ገጽ ላይ «ቨርችዋላይዜሽን፦ ኢኔብልድ» መባሉን ማረጋገጥ። ማንም ሰው ይህን ያደርግና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ከመክፈቷ በፊት «ሲከፈት የነበረ ነገር ለምን ተዘጋ?» አለች። ባዮሱ ላይ የሚታየውን ቀን አየች፤ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዷል። ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱን ራሱ ሊያስተካክል ስለሚችል ይህን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ክዳኑን ከፍታ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ክብ ባትሪ በቴስተር ለካቻት፦ 3 ቮልት መሆን የነበረባት 2.4 ላይ ወርዳለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል፤ በዚያ ማዘርቦርድ የፋብሪካው ሴቲንግ ደግሞ ቨርችዋላይዜሽንን ዘግቶ ነው። ባትሪዋ ከሰዓት መሸጫ የምትገኝ ነች። ተቀየረች፣ አለቀ። ያገለገለ ዴስክቶፕ የምትገዙ ሰዎች ይህችን ባትሪ ገና በገዛችሁበት ቀን ቀይሯት።

ላፕቶፑ ላይ ችግሩ መልኩ ሌላ ነው። ቨርችዋል ማሽኑ ይነሳል፤ ግን አንድ ፎልደር ለመክፈት ዘመን ይፈጃል። መስኮቱ ግርጌ ላይ ካሉት ትንንሽ ምልክቶች መካከል አረንጓዴ ኤሊ ይታያል። ኤሊው ጌጥ አይደለም፤ ቨርችዋልቦክስ ሲፒዩውን በቀጥታ አላገኘሁም፣ በማይክሮሶፍቱ ሃይፐርቫይዘር (ቨርችዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድረው የዊንዶውስ ክፍል) በኩል እየዞርኩ ነው የምሠራው ማለቱ ነው። ዊንዶውስ 11 ለራሱ ጥበቃ ይህን ሃይፐርቫይዘር ብዙ ጊዜ ከፍቶ ይመጣል። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚለውን መዝጋት፣ ካስፈለገም በአድሚን በተከፈተ ጥቁር መስኮት በቢሲዲኤዲት ትእዛዝ የሃይፐርቫይዘሩን መነሻ «ኦፍ» ማድረግና ሪስታርት። ይህን ስታደርግ ሁለት ነገር አስቀደመች። ዲስክ የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ስለነበር የማስመለሻ ቁልፉ መኖሩን አረጋገጠች፤ የአነሳስ ሴቲንግ ተነክቶ ቢትሎከሩ ቁልፍ ቢጠይቅና ቁልፉ ባይኖር ዲስኩ ተቆልፎ ይቀራልና። ቀጥላ የሚጠፋውን ጥበቃ በግልጽ ነገረችን፦ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ሲዘጋ ላፕቶፑ ለአንድ ዓይነት ጥቃት ይጋለጣል፣ ሃይፐርቫይዘሩ ሲዘጋ ደግሞ ዶከር ወይም የዊንዶውሱን ሊኑክስ (ደብሊውኤስኤል 2) የሚጠቀም ሰው እነሱን ያጣል። ፈቃድ ጠይቃ ነው የዘጋችው። ኤሊው ጠፋ።

የውስጡ ዊንዶውስ 7 ኢንተርኔት የለውም። ማይክሮሶፍት ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ድጋፉን አቁሟልና ኔትወርኩን «ኖት አታችድ» (ያልተገናኘ) አደረገችው። ፋይል የሚመላለሰው በሼርድ ፎልደር ነው፤ ለዚህ ገስት አዲሽንስ (ለውስጡ ዊንዶውስ የሚጫኑ የቨርችዋልቦክስ ሾፌሮች) መጫን አለበት፣ ዊንዶውስ 7ቱ ደግሞ ሰርቪስ ፓክ 1 እና የሻ-2 ፊርማን (የሾፌር ማረጋገጫን) እንዲያውቅ የሚያደርገው ዝመና ከሌለው ሾፌሮቹን አልቀበልም ሊል ይችላል። የድሮው ፕሪንተር የዊንዶውስ 11 ሾፌር የለውም፤ በዩኤስቢ ፊልተር ለውስጡ ማሽን ተሰጠ፣ እንደ ድሮው ያትማል። ከቨርችዋልቦክስ 7.0 ወዲህ ለዩኤስቢ 2 እና 3 ኤክስቴንሽን ፓክ አያስፈልግም፤ ፓኩ ለቢሮ ሥራ ነጻ ስላልሆነ ባይጫን ይመረጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዩኒኮድ ባልሆነው የፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ከውስጥ ኮፒ ተደርጎ ውጭ ሲለጠፍ የፊደል ጉድ ነው የሚሆነው። ደብዳቤውን እዚያው ውስጥ አትሙት።

ስናፕሾትን (የማሽኑን የአንድ ጊዜ ሁኔታ መያዣ) ባክአፕ አድርጎ መቁጠር ትልቁ አደጋ ነው፤ ይህን ደጋግማ ነው የነገረችን። ስናፕሾቱ ዋናው ዲስክ ላይ ተደግፎ የቆመ ፋይል ነው፤ ኤስኤስዲው ቢሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ከፎልደሩ ውስጥ በእጅ የሰረዘውም ማሽኑን ገደለ ማለት ነው፤ መሰረዝ ያለበት ከቨርችዋልቦክሱ ራሱ ነው፣ ሲዋሃድም ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እሷ ያስተማረችን እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የውስጡን ዊንዶውስ በወጉ ሹትዳውን፣ ከዚያ ኤክስፖርት አፕላያንስ (ማሽኑን በሙሉ በፋይል ማውጣት) ወደ ኤክስተርናል፤ የፒችትሪው ፒቲቢ ግን በየቀኑ። በሴቭ ስቴት (እየሠራ ባለበት ሁኔታ ተይዞ) የተዘጋ ማሽን ሌላ ሲፒዩ ላይ ላይነሳ ስለሚችል ለባክአፕ አይሆንም። መብራት በመሃል ሄዶ የማሽኑ ስም ከዝርዝሩ ላይ «ኢንአክሰሰብል» ከሆነ አትደንግጡ፤ ፎልደሩ ውስጥ መጨረሻው «ቪቦክስ-ፕሬቭ» የሚል የቀደመው ሴቲንግ ቅጂ አለ፣ እሱን ኮፒ አድርጎ «ቪቦክስ» ብሎ መሰየም ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። ይህን ስታሳየን ራሳችን እንድንሠራው አደረገች። ለዴስክቶፕ ግን ዩፒኤስ ግዙ፤ ሒሳብ እየተመዘገበ የሚሄድ መብራት መዝገቡን ራሱን ሊያበላሽ ይችላል።

ጉድለቷንም እንናገር። ስልክ ቶሎ አታነሳም። ማክ አትሠራም። ሕጋዊ ቁልፍ ያልያዘ ሰው ክራክ ጫኚልኝ ቢላት በትሕትና እምቢ ትላለች፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ የዊንዶውስ 7 ቁልፍ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ መሆኑንና ለቨርችዋል ማሽኑ ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ከመጀመሯ በፊት ትነግራችኋለች። ዋጋውም እንዲሁ ቀድሞ ይነገራል፣ መሃል ላይ አይጨምርም።

ከመደወላችሁ በፊት የፒችትሪውን ሲዲና ሲሪያል ቁጥር፣ የዊንዶውሱን ቁልፍ፣ ቢያንስ ከአሮጌው ዲስክ የተያዘ ቦታ እጥፍ ባዶ ያለው ኤክስተርናል፣ ቢትሎከር ካለም የማስመለሻ ቁልፉን አዘጋጁ። ሐምሌ ከገባ በኋላ መዝጊያ ላይ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ ስለሚፈልጋት ወረፋ አይገኝም፤ ከሰኔ በፊት ያዟት።