የአንዲት ልጅ ታሪክ ወይስ አኃዝ፦ ለጋሽን የሚያነሣሣው የትኛው ነው?

በእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ላይ የአንዲት ልጅ ታሪክ ይሻላል ወይስ የችግረኛው ብዛት? እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 5 ዶላር ተሰጥቷቸው ስለ ማሊዋ የ7 ዓመት ልጅ ስለ ሮኪያ ያነበቡ ተሳታፊዎች በአማካይ 2.38 ዶላር ሲለግሱ፣ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚሹ የሚገልጸውን ጨምሮ አኃዞችን ብቻ ያነበቡት 1.14 ዶላር ሰጡ። የሚገርመው፣ ታሪኩና አኃዙ አብረው ሲቀርቡ ልገሳው 1.43 ዶላር ብቻ ሆነ።

ታሪክ ርኅራኄን ቶሎ ይቀሰቅሳል፤ ሆኖም ለጋሹ ገንዘቡ ለዚያች ልጅ ብቻ የሚደርስ ከመሰለው፣ እውነቱን ሲያውቅ እምነቱ ይጎዳል፤ የባለታሪኳ ክብርና ፈቃድም ጥንቃቄ ይሻል። አኃዝ ልብን ባይነካም ለቁጥጥር ይመቻል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠየቅ ግለሰብ ታሪኩ፣ በጀት ለሚመድብ ተቋም አኃዙ ይስማማል፤ ለነባር ለጋሽ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ያለፈው ስጦታው ምን እንደሠራ መንገር ከሁለቱም ይቀድማል።