ለነባር ሕንፃ ዲጂታል ሞዴል ሲያሠሩ፦ ለጥገና የሚበጀው የትኛው ነው?

ሻጭ በመጀመሪያ የሚያሳያችሁ ስክሪን ላይ የሚሽከረከር፣ ባለቀለም፣ ዓይን የሚማርክ ሕንፃ ነው። የጥገና ክፍሉ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ይህን ፎቅ የሚዘጋው ቫልቭ የቱ ነው? ይህ ብሬከር የሚያጠፋው የየትኛውን ክፍል መብራት ነው? ፓምፑ መቼ ተገጠመ፣ ሞዴሉስ ምንድን ነው? ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች የመዘንኳቸው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የድሮ ፕላንና ሜትር

ርካሹ ይህ ነው። ችግሩ ፕላኑ ሊሠራ የታሰበውን እንጂ የተሠራውን አለማሳየቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የፈረሰውንና የተከፈለውን ክፍልማ ጨርሶ አያውቀውም። ያም ሆኖ አትጣሉት። የትኛውም ስካነር (ቦታን በሌዘር የሚለካ መሣሪያ) የሚመዘግበው ያየውን ብቻ ነው፤ በኮርኒስና በግድግዳ ውስጥ ስለተቀበረው ቧንቧ ፍንጭ የሚሰጠው ያ አቧራ የጠጣ ፕላን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ባለ 360 ዲግሪ ካሜራ

ፈጣን ነው፤ ቴክኒሻኑም ከመሄዱ በፊት ቦታውን በዓይኑ ያየዋል። ለልክ ግን አይታመንም። ማተርፖርት ፕሮ2 ለተባለው ካሜራ አምራቹ የሚገልጸው ስሕተት 1 በመቶ ገደማ ነው፤ በ10 ሜትር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በሌዘር የሚለካው ተከታዩ ፕሮ3 በ10 ሜትር ርቀት ወደ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ አድርጎታል። በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ ይህን ከጥሩ የዕቃ መዝገብ ጋር ማጣመር ከግማሽ መንገድ ከቀረ ውድ ሞዴል ይሻላል።

በእጅ ይዘውት የሚዞሩት ስካነርና ባለሦስት እግሩ

የገዢው ትክክለኛ ምርጫ በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በእጅ የሚያዘው (ለምሳሌ የላይካ ቢኤልኬ2ጎ) እየተራመዱ የሚለኩበት ሲሆን ቤት ውስጥ ስሕተቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ክፍል ያለውን ሕንፃ በአጭር ጊዜ ይጨርሳል። ድካሙ የሚታየው ረጅምና ወጥ በሆነ ኮሪደር ላይ ነው፤ የሚለይበት ምልክት ስለሚያጣ ልኩ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሠሪው ዞሮ ወደ ተነሣበት ነጥብ እንዲመለስ፣ በቀያሽ መሣሪያ የተለኩ መቆጣጠሪያ ነጥቦችም እንዲኖሩት በውላችሁ አስገቡ።

ባለሦስት እግሩ አንድ ቦታ ቆሞ ዙሪያውን ይለካል። የላይካ አርቲሲ360 በሰከንድ እስከ 2 ሚሊዮን ነጥብ ይመዘግባል፤ በ10 ሜትር ላይ ስሕተቱ 1.9 ሚሊ ሜትር ነው። ግን ቧንቧ በተጨናነቀበት የማሽን ክፍል አንዱ ቧንቧ ሌላውን ስለሚጋርድ ደጋግሞ ቦታ መቀየር ግድ ነው፤ ጊዜው የሚሄደው እዚያ ነው። መስታወትና የሚያብረቀርቅ ብረት ሁለቱንም ያታልላሉ።

የእኔ ምርጫ ቅልቅል ነው፦ ለቢሮና ለኮሪደር በእጅ የሚያዘው፣ አዲስ ቧንቧ ውጭ ተሠርቶ በሚገጠምበት ወይም ትልቅ ማሽን በሚቀየርበት ጠባብ ክፍል ደግሞ ባለሦስት እግሩ። የቢሮ ግድግዳን በ2 ሚሊ ሜትር ማወቅ ለማንም ጠጋኝ አይጠቅምም። ለጣራና ለውጭ ግድግዳ ድሮን ይበቃል።

ከስካኑ በኋላ

የስካኑ ውጤት የነጥብ ደመና፣ ማለትም የተለኩ ነጥቦች ክምችት ብቻ ነው፤ ፓምፑን ከግድግዳው አይለይም። ሰው ቁጭ ብሎ በሪቪት ወይም በመሰል የሕንፃ ሞዴል መሣያ ሶፍትዌር እንደገና ሊሥለው ይገባል፣ ትልቁ የሰው ጉልበትም የሚወጣው እዚህ ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ ትክክለኝነትን (ልኩ ከእውነታው ምን ያህል ይርቃል) እና ዝርዝርን (ምን ምን ይሣላል) ለያይታችሁ ጻፉ። ለጠቅላላው ሕንፃ ከ15 እስከ 50 ሚሊ ሜትር፣ ለማሽን ክፍል ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ስሕተት በቂ ነው። ቫልቩ ተራ ሣጥን መስሎ ቢሣል ግድ የለም፤ ቦታውና መለያ ቁጥሩ ልክ ይሁን እንጂ። ብሎን የሚሥል ሠሪ በእናንተ ገንዘብ እየተጫወተ ነው።

ስካነር የማሽኑን ሰሌዳ አንብቦ መዝገብ አይሞላላችሁም። አምራቹን፣ ሞዴሉን፣ ተከታታይ ቁጥሩን፣ የተገጠመበትን ዓመትና የዋስትናውን ማብቂያ ሰው ዞሮ መመዝገብ አለበት። ርካሽ ዋጋ የሚያቀርበው ሠሪ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥራ ትቶት ነው። መረጃውን በኮቢ (የሕንፃ ዕቃዎችን መረጃ ማስረከቢያ ደረጃ) ሠንጠረዥ፣ ሞዴሉን ደግሞ ከሪቪት ፋይሉ በተጨማሪ በአይኤፍሲ (የተለያዩ ሶፍትዌሮች የሚያነቡት ክፍት የፋይል ዓይነት፣ አይኤስኦ 16739) ጠይቁ፤ ሶፍትዌር ብትቀይሩ ሥራው አብሮ አይቀርም። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር በሞዴሉና በጥገና ሶፍትዌሩ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጡ።

ሙሉውን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ የማሽን ክፍል ብቻ አሠሩና ሕንፃውን ለማያውቅ ቴክኒሻን ስጡት። ሰዓት ይዛችሁ አንድ ቫልቭ ሞዴሉ ላይ እንዲፈልግ ንገሩት። ትቶት ተነሥቶ ነባሩን ሠራተኛ ሊጠይቅ ከሄደ፣ ማስተካከል ያለባችሁ የውሉን ዝርዝር ነው፤ ስካነሩን አይደለም።