የተፈጥሮ አልማዝ ወይስ የላቦራቶሪ? ጥራትንና ምንጭን አነጻጽሮ መግዛት

ወርቅ መግዛት የለመደ ሰው አልማዝ ሊገዛ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደናግረው «ካራት» የሚለው ቃል ነው። በወርቅ ቤት 18፣ 21 ወይም 24 ካራት ሲባል ከ24 እጅ ውስጥ ስንቱ እጅ ንጹሕ ወርቅ እንደሆነ መናገር ነው፤ በአልማዝ ግን ካራት ክብደት ብቻ ሲሆን አንድ ካራት 200 ሚሊግራም፣ ማለትም የግራም አንድ አምስተኛ ይመዝናል። ስለዚህ «ባለ 18 ካራት የአልማዝ ቀለበት» የሚል ጽሑፍ የሚነግረን ስለ ቀለበቱ ወርቅ እንጂ ስለ ድንጋዩ አይደለም። ሌላም የወርቅ ልማድ አለ፤ ወርቅ በግራም ይገዛል፣ ሲቸግርም በዕለቱ ዋጋ ተመዝኖ ይሸጣል። አልማዝ እንዲህ ያለ የዕለት ዋጋ የለውም። እኩል የሚመዝኑ ሁለት ድንጋዮች ዋጋቸው በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል፤ መልሰው ሊሸጡት ቢወስዱትም ሱቆች የሚሰጡት ከተገዛበት ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።

ታናሽ እህቴ ለቃል ኪዳን ቀለበቷ ድንጋይ ስትመርጥ ዱባይ፣ ዴይራ ወርቅ ገበያ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሻጩ ሁለት ክብ አልማዞችን በመቆንጠጫ አንሥቶ በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠልን። አንደኛው 1.20 ካራት፣ በቀለም «ኢ»፣ በንጽህና «ቪቪኤስ1» ነው፤ ሁለተኛው 1.02 ካራት፣ በቀለም «ኤች»፣ በንጽህና «ቪኤስ2» ነው። ፊደላቱ የቀለምና የንጽህና ደረጃዎች ናቸው፤ ወደ በኋላ እመለስባቸዋለሁ። በወረቀት ላይ ከታየ የመጀመሪያው በሁሉም ይበልጣል። ከሱቁ ኃይለኛ መብራት ስር አውጥተን በር ላይ፣ በቀን ብርሃን ስናያቸው ግን ትንሹ በየአቅጣጫው ሲያብረቀርቅ ትልቁ መሐሉ ላይ ጠቆረብን። ምክንያቱ ስለ ድንጋዩ ጥራት በሚመሰክረው ሰርተፊኬት ላይ ተጽፎ ነበር። የትልቁ ጥልቀት ከስፋቱ 68 በመቶ፣ የትንሹ 61.5 በመቶ ነው፤ ስፋታቸው ደግሞ 6.6 እና 6.5 ሚሊሜትር። ተጨማሪው ክብደት ከሆዱ በታች ተደብቋል፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፣ የሚከፈልበት ግን ሙሉ ዋጋ ነው።

በአልማዝ ላይ በሰው እጅ የሚወሰነው አቆራረጡ ብቻ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለዓይን ከሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። በደንብ የተቆረጠ ክብ አልማዝ 57 ወይም 58 ገጾች አሉት። ብርሃኑ ከላይ ገብቶ ከታችኞቹ ገጾች ላይ እየነጠረ ተመልሶ በላይ በኩል ይወጣል። ድንጋዩ ከልክ በላይ ሲጠልቅ ወይም ሲሳሳ ብርሃኑ በጎንና በታች ያመልጣል፤ ያን ጊዜ ቀለሙም ንጽህናውም ምን ቢያምር አይረዳውም። እ.ኤ.አ. በ1931 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም፣ በአጭሩ ጂአይኤ፣ ለክብ አልማዝ አቆራረጥ አምስት ደረጃዎች አሉት፤ ከላይኛው ደረጃ ባይወርዱ እመክራለሁ። ተቋሙ ለሌሎች ቅርጾች፣ ለምሳሌ ለእንቁላል ወይም ለዕንባ ቅርጽ፣ ለረጅም ጊዜ የአቆራረጥ ደረጃ ሳይሰጥ ነው የቆየው፤ እነዚህን የሚመርጥ ሰው ከወረቀት ይልቅ ዓይኑን ማመን አለበት።

ገንዘብ የሚቆጠበው በቀለምና በንጽህና ነው። ቀለም ከ«ዲ» እስከ «ዚ» ይመደባል፤ «ዲ» ፍጹም ቀለም አልባ ሲሆን ወደ ታች ሲወርዱ ቢጫነት ይጨምራል። በነጭ ወርቅ ወይም በፕላቲኒየም ለሚታሰር ድንጋይ «ጂ» ወይም «ኤች» ለአብዛኛው ዓይን ነጭ ነው፤ በቢጫ ወርቅ ለሚታሰር «አይ» እና «ጄ» እንኳ አያሳፍሩም፤ ቢጫው ወርቅ ራሱ ድንጋዩን ቀለም ያጋባበታልና። ንጽህና፣ ማለትም የእንከን ማነስ፣ የሚመረመረው አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሆኖ 11 ደረጃዎች አሉት። «ቪኤስ2» ላይ ያለውን እንከን በባዶ ዓይን የሚያገኝ ሰው ብርቅ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚገኘው ደረጃ የሚከፈለው ገንዘብ ባለቤቱ ለማያየው ነገር የሚከፈል ነው። ክብደትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ዋጋው 1.00 ካራት ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ 0.92 ካራት የሚመዝነው ግን ጣት ላይ ሲታይ ከባለ አንድ ካራቱ አይለይም።

እስካሁን የተባለው ለተፈጥሮውም ለላቦራቶሪውም እኩል ይሠራል፤ የላቦራቶሪ አልማዝ እውነተኛ አልማዝ ነውና። ኪዩቢክ ዚርኮኒያና ሞይሳናይት ከዚህ ወገን አይደሉም፤ አልማዝ የሚመስሉ ሌሎች ድንጋዮች ናቸው። የላቦራቶሪው ግን እንደ ተፈጥሮው ንጹሕ ካርቦን፣ እንደ ተፈጥሮው በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከፍተኛው ቁጥር፣ 10 ነው። የሚሠራውም ወይ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት፣ ወይም ካርቦን ካለበት ጋዝ በንብርብር እያሳደጉ ነው። የመጀመሪያው ዘዴ በአሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2018 ከአልማዝ ትርጓሜ ውስጥ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል አውጥቷል። ሁለቱን በዓይን፣ በአጉሊ መነጽርም ሆነ ብዙ ሱቆች በሚጠቀሙበት የሙቀት መፈተሻ እስክሪብቶ መለየት አይቻልም፤ የሚለያቸው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው።

የሚለያዩት በዋጋ አካሄዳቸው ነው። የላቦራቶሪ አልማዝ እንደ ማንኛውም የፋብሪካ ምርት ማሽን በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። በአልማዝ ንግድ የታወቀው ኩባንያ ደ ቢርስ በ2018 የላቦራቶሪ አልማዙን በካራት 800 ዶላር መሸጥ ጀመረ፤ በ2025 ይህን የጌጣጌጥ ንግዱን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ጂአይኤም ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ለላቦራቶሪ አልማዝ የተለመደውን ዝርዝር የቀለምና የንጽህና ደረጃ መስጠቱን ትቶ «ፕሪሚየም» እና «ስታንዳርድ» በሚሉ ሁለት ጥቅል ደረጃዎች ይመድባል። ስለዚህ በበጀትዎ ትልቅና የሚያበራ ድንጋይ ማግኘት ከሆነ ሐሳብዎ፣ የላቦራቶሪው ከሁሉ ይሻላል፤ ልጆቼ አንድ ቀን ይሸጡታል ብለው የሚገዙት ከሆነ ግን አይግዙት። የተፈጥሮውም ቢሆን እንደ ወርቅ ዋጋ ይይዛል ብሎ የሚምልልዎትን ሻጭ አይመኑ።

ስለ ምንጩ ስንጠይቅ የዴይራው ሻጭ በትሕትና «የኪምበርሊ ሰርተፊኬት አለው» አለን። ይህን መልስ ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን ይሰሙታል፤ ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ ከልቡ ነው የሚለው። ነገር ግን የኪምበርሊ ሰርተፊኬት የሚሰጠው ድንበር ለሚሻገር ያልተቆረጠ የአልማዝ ጭነት ነው። ተቆርጦ ለተወለወለ አንድ ድንጋይ የሚሰጥ የኪምበርሊ ወረቀት የለም። የኪምበርሊ ሂደት የሚባለው ይህ አሠራር የተጀመረው በሴራሊዮንና በአንጎላ አማፂያን በአልማዝ ጦር እየሸመቱ ብዙ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው፤ በ2000 ደቡብ አፍሪካ፣ ኪምበርሊ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ተጠንስሶ ከጥር 2003 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። «የግጭት አልማዝ» የሚለውም አማፂያን ሕጋዊ መንግሥትን ለመጣል የሚጠቀሙበትን ብቻ ነው። በ2008 በዚምባብዌ የማራንጌ የአልማዝ መስክ የመንግሥት ወታደሮች ከ200 በላይ ሰዎችን መግደላቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ሲያወጣ፣ ድርጊቱ የፈለገውን ያህል ቢዘገንን በዚያ ትርጓሜ ውስጥ የሚገባበት ቦታ አልነበረውም። ግሎባል ዊትነስ የተባለው ድርጅት በ2011 ከኪምበርሊ ሂደት የወጣው በዚህ ዓይነቱ ክፍተት ተማርሮ ነው።

የጂአይኤ ሰርተፊኬትም ስለ ቀለም፣ ስለ ንጽህና፣ ስለ አቆራረጥና ስለ ክብደት ይናገራል እንጂ በመደበኛው ቅጹ ድንጋዩ ከየት አገር እንደመጣ አይናገርም። ጥራቱ የተመሰከረለት ድንጋይ ምንጩም የተመሰከረለት ይመስለናል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፣ የተለያየ ወረቀትም ይፈልጋሉ። ችግሩን የሚያከብደው ደግሞ ከዓለም አልማዝ አብዛኛው የሚቆረጠው በአንድ የሕንድ ከተማ፣ በሱራት መሆኑ ነው፤ ከየአገሩ የመጣው ድንጋይ እዚያ ሲደርስ ማንነቱን የያዘ መዝገብ ከሌለው ከሌላው ጋር ይቀላቀላል።

ምንጭን ከምንጭ ስናነጻጽር፣ ከካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች፣ ከኤካቲና ከዲያቪክ ማዕድኖች የወጡ ድንጋዮች ከማዕድኑ ጀምሮ መዝገብ ተከትሏቸው ሲሸጡ ቆይተዋል። የቦትስዋናው ጁዋኔንግ ግማሹ የመንግሥት፣ ግማሹ የደ ቢርስ በሆነ ኩባንያ የሚሠራ ሲሆን የአልማዙ ገቢ አገሪቱን መንገድና ትምህርት ቤት አሠርቶላታል፤ እኔ የተፈጥሮ አልማዝ ብገዛ የምመርጠው ይህን ነው። በሴራሊዮን የወንዝ ዳር አሸዋ በወንፊት የሚያጥበው ሰው የሚያገኘው ከድንጋዩ ዋጋ ጥቂቱን ነው፤ ድንጋዩም እጅ በእጅ ስለሚዞር ዱካውን ማግኘት ይከብዳል። የሩሲያውን ደግሞ የቡድን 7 አገሮች ከጥር 2024 ጀምሮ አግደዋል፤ እገዳው ከመጋቢት 2024 ወዲህ በሌላ አገር የተቆረጠውን አንድ ካራትና ከዚያ በላይ የሆነ የሩሲያ ድንጋይ፣ ከመስከረም 2024 ወዲህ ደግሞ ከግማሽ ካራት ጀምሮ ያለውንም ይጨምራል። አውሮፓና አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ልብ ልትሉት ይገባል።

የላቦራቶሪው ከደም የጸዳ ነው ተብሎ ይሸጣል፤ ከማዕድን ጉድጓድ አለመውጣቱም እውነት ነው። ሆኖም ማሽኖቹ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፣ ምርቱ በብዛት የሚገኘው ኤሌክትሪካቸውን በአመዛኙ ከድንጋይ ከሰል በሚያመነጩት በቻይናና በሕንድ ነው። «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ የፋብሪካውን አገርና የኃይል ምንጩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

እህቴ ባለ 1.02 ካራቱን መረጠች፤ ግን በዚያ ቀን አልገዛንም። የማዕድኑ አገር በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍልን ጠይቀን ሻጩ ሊጽፍ ባለመቻሉ ሌላ ሱቅ ሄድን። እዚያ ያገኘነው ድንጋይ 0.91 ካራት ነው፤ የቦትስዋና መሆኑ በደረሰኙ ላይ «የተፈጥሮ» ከሚለው ቃልና ከሰርተፊኬቱ ቁጥር ጋር ተጽፏል። ከከፈልን በኋላም አንድ ሥራ ቀረን። የሰርተፊኬቱ ቁጥር በሌዘር የሚቀረጸው በድንጋዩ ወገብ ላይ፣ ፀጉር በመሰለ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ቀለበቱ ተሠርቶ ሲመጣ እህቴ አጉሊ መነጽር ተቀብላ፣ ድንጋዩን ወደ ብርሃን እያዘነበለች፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብላ አነበበች፤ እኔ ከወረቀቱ ላይ ተከተልኳት።