የፖፕ አርት ህትመት ለሳሎን፦ ካንቫስ ወይስ ስክሪን ፕሪንት?

እህቴ ደብረ ብርሃን አዲስ ቤት ገብታ ለሳሎኗ ፖፕ አርት፣ ማለት ከማስታወቂያና ከዕለት እቃ የሚነሳ ስዕል፣ ካልሰቀልኩ ስትል ሁለት አይነት ህትመት ጎን ለጎን አስቀምጠን ነው ያየነው፣ አንዱ የአሜሪካዊው ሰዓሊ የአንዲ ዋርሆል የሾርባ ጣሳ በዲጂታል ማሽን ካንቫስ (የሸራ ጨርቅ) ላይ የታተመ፣ ሌላው አዲስ አበባ ያለ አንድ ልጅ በስክሪን ፕሪንት፣ ማለት ቀለሙን በወንፊት ጨርቅ እያሳለፈ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ የሚያትመው የጀበና ስዕል፣ ልክ እንደ ጣሳው ተደጋግሞ የተደረደረ። ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እናታችን ጀበናውን ስታየው "ይሄ የሱቅ ታፔላ ነው እንዴ ልጄ?" አለች፣ እውነቷን ነው እኮ። ዋርሆል ራሱ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ለማስታወቂያ ጫማ እየሳለ ነው የኖረው፣ በፈረንጆቹ 1962 ነው ሎስ አንጀለስ ላይ 32 የካምቤል ሾርባ ጣሳ ስዕሎች ያሳየው፣ እነሱ በእጅ የተሳሉ ናቸው፣ ስክሪን ፕሪንት የጀመረው በዛው አመት ትንሽ ቆይቶ ነው። ሌላው የፖፕ አርት ሰዓሊ ሮዘንኩዊስት ደግሞ ቢልቦርድ (ትልልቅ የመንገድ ማስታወቂያ) ቀለም ቀቢ ነበር። ማስታወቂያ ከሩቅ መንገደኛ እንዲያየው ስለሚሰራ ቀለሙ ድፍን ነው፣ ጠርዙም ጥርት ያለ፣ ፖፕ አርትም ውበቱ እዛ ላይ ነው። ስለዚህ ሲታተም ቀለሙ ከደበዘዘ ምኑ ቀረ?

ልዩነቱን ለማየት ስልኬን አውጥቼ ካሜራውን ዙም አድርጌ ቀዩ ላይ አስጠጋሁት። ካንቫሱ ላይ ያለው ቀይ ለካ ቀይ አይደለም፣ የሮዝና የቢጫ ጥቃቅን ነጠብጣብ ተረጭቶ ነው ቀይ የሚመስለው፣ ፊደሎቹም ጠርዛቸው ላይ የጨርቁን ክር ተከትለው ተበጣጥሰዋል። የስክሪኑ ቀይ ግን አንድ ወጥ ነው፣ በወንፊቱ ተጎትቶ የወረደ ቀለም፣ ጥቁሩ ቀዩ ላይ የተደረበበት ቦታ ጣቴን ሳሳልፍ ከፍ ማለቱ ይሰማኛል። አንድ ቦታ ላይ ጥቁሩ ከቀዩ ትንሽ ሸርተት ብሏል፣ እህቴ ተበላሽቷል ብላ ልትመልሰው ነበር፣ እኔ ግን የወደድኩት እሱን ነው፣ በእጅ ሲታተም የሚመጣ ነገር ነው፣ ዋርሆልም አውቆ ይተወው ነበር።

ካንቫስ ግን ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም። ትልቅ ግድግዳ ካላችሁ በፈለጋችሁት መጠን ይወጣላችኋል፣ መስታወት አይፈልግም፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ተጠቅልሎ ሲመጣ አይሰበርም፣ ዋጋውም ይቀላል። ስክሪኑ ወረቀት ስለሆነ ፍሬምና መስታወት ግድ ነው፣ በተለይ ኩበት የሚነድበት ቤት ከሆነ ጭሱ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ከኋላ ጥግ ጥጉ ላይ ቁራጭ ቡሽ ለጥፉበት፣ ክረምት ላይ እርጥበቱ በቀጥታ እንዳያገኘው አየር ይግባበት።

ፀሐይን እንዳትረሱ በጣም እለምናችኋለሁ። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብላችሁ አትሞኙ፣ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ፀጉር ቤት መስኮት ላይ የቆየ ፖስተር ቀይና ቢጫው ጠፍቶ ሴትዮዋ ሰማያዊ ሆና አላያችሁም? እሱ ነው። ካንቫስ ስታሳትሙ ቀለሙ ዳይ (ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው) ነው ወይስ ፒግመንት (ከደቃቅ ዱቄት የሚሰራው) ብላችሁ ጠይቁ፣ ፒግመንት በጣም ይቆያል። ስክሪን ላይ ደግሞ እነዛ የሚያበሩት ፍሎረሰንት ቀለሞች ቶሎ ነው የሚጠፉት፣ እነሱ ያሉበትን መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ።

የፖፕ አርት ሰዓሊው የሊክተንስታይን አይነት፣ ማለት የኮሚክ ፊት በነጠብጣብ የተሞላ ከፈለጋችሁ ፋይሉን ሳታዩ አትክፈሉ። እኛ መጀመሪያ ያሳተምንበት አንድ ማተሚያ ቤት ምስሉን ከኢንተርኔት አውርዶ ለፍሬሙ እንዲሆን ወደ ጎን ለጠጠው፣ ነጠብጣቦቹ ክብ መሆናቸው ቀርቶ እንቁላል መሰሉ፣ ብሩም ሄደ እህቴም አለቀሰች። ነጠብጣቡ እኮ የስዕሉ ቆዳ ነው፣ እሱ ከተበላሸ ሁሉም ተበላሸ።

ሌላ፣ ፊርማ አለው ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ካለ ፊርማውን በዙም እዩት፣ እንደ ስዕሉ ነጠብጣብ ከሆነ አብሮ የታተመ ነው። የስክሪኑ ልጅ ከስር በእርሳስ 7/40 ብሎ ፈርሟል፣ ከ40ው ሰባተኛው ማለት ነው።

ለካፌ፣ በየጊዜው ለምትቀይሩት ግድግዳ ካንቫሱን ውሰዱ። ለቤት ግን፣ አነስ ቢልም፣ ብሩ ትንሽ ቢከብድም፣ እኔ ስክሪኑን ነው የምለው። ጀበናው አሁን ከመስኮቱ ራቅ ብሎ በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፣ ሰው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ያየዋል።