ጎንደር ላይ የመኪና መብራት የምታሠሩ፣ ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ቫርኒሽ) ሳይረጭ እንዳትከፍሉ

ለጥምቀት ጎንደር ነበርኩ። በረራው በሰዓቱ ገባ፣ ሻንጣም አልጠፋብኝም፣ ያረፍንበት ቤት ሙቅ ውሃው ሲመጣ ጥሩ ነው። በዓሉን አታንሱብኝ፣ ፋሲል መዋኛ ዳር ቆሜ እንደ ልጅ አልቅሻለሁ። ያንገበገበኝ ጋራዡ ነው።

የእህቴ ቪትዝ የፊት መብራቶቿ ቢጫ ሆነው ደብዝዘዋል። ማታ ከአዘዞ ስንመለስ ዳር ዳሩን የሚሄደው ሰውና አህያ አጠገቡ እስክንደርስ አይታይም። እሷ ለምዳዋለች፣ አንገቷን አስግጋ ትነዳለች። እኔ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነው። እኔ በምኖርበት ጀርመን እንዲህ ባለ መብራት በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የመኪና ምርመራ ማለፍ ከባድ ነው። እኔ አስወልውዬ አሠራዋለሁ አልኳት።

ጋራዡን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ለእህቴ "2 ሺህ ብር፣ ነገ ከሰዓት ውሰጂው" አላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "ከየት ነሽ እህቴ?" አለኝ። ከፍራንክፈርት አልኩት። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ስንሄድ የፊት መከላከያዋ ተፈቷል፣ መብራቶቹ ወጥተው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፣ የነካቸው ግን የለም። ልጁ ከተራ ነው ብሎ ወጥቷል አሉን። እሺ፣ በከተራ ማን ይቆጣል። ከዚያ ጥምቀት ሆነ፣ ከዚያ ቃና ዘገሊላ፣ ሚካኤል ይገባል። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጠፋ። ከዚያ ደግሞ ዕቃ ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው ተባለ፣ ለመወልወል ምን ዕቃ እንደሚመጣ ብጠይቅ "አይዞሽ፣ ኦርጅናል ነው" ከማለት በቀር የሚነግረኝ ጠፋ። እህቴ ሥራ የምትሄደው በባጃጅ ነው። በመጨረሻ ስንጠራ ሒሳቡ 9 ሺህ ሆኗል! "እናንተ አገር በዩሮ ስንት ነው?" አለኝ ደግሞ፣ እየሳቀ። እኛ ጋ የመወልወያ ዕቃውን ገዝቶ ደጁ ላይ ራሱ የሚሠራ ሰው አለ። ተከራክረን 6 ሺህ ከፈልኩ።

ያን ቀን መብራቱ ያብረቀርቃል። ሳምንት ሳይሞላው ግን ያው ቢጫ ተመለሰ። በጣቴ ጠረግ ባደርገው ቅባት ነው። የጥርስ ሳሙና አሽተው ቅባት ነገር ቀብተውበት ነው የሰጡን። ይባስ ብለው "የበለጠ ያበራል" በሚል 100 ዋት አምፖል አስገብተውበታል፣ የእሷ መብራት 60/55 ዋት (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55) ሆኖ ሳለ። ሶኬቱን ሲነቅሉት ፕላስቲኩ መቅለጥ ጀምሯል።

ይህን ያሳየኝ ማራኪ አካባቢ የሚሠራ ልጅ ነው። እትዬ እያለ አንድ በአንድ አስረዳኝ። መብራቱ መስታወት አይደለም፣ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ከፀሐይ ጨረር የሚከላከልለት ስስ ሽፋን አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐዩ ይከብዳል፣ መኪናውም ቀኑን ሙሉ ደጅ ነው የሚቆመው። ሽፋኑ ሲቃጠል ነው ቢጫ የሚሆነው፤ ስለዚህ የሞተውን ሽፋን አንስቶ በቦታው ሌላ መተካት ግድ ነው።

ቀለሙን በወረቀትና በፕላስተር ሸፈነና ውሃ እያፈሰሰ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገው ጀመር። ውሃው እንደ አሬራ ነጭ ሆኖ ይወርዳል፣ መብራቱ ጭራሽ ጉም መሰለ። እህቴ "ውይ፣ ጨርሶ አበላሸው!" ብላ ጮኸች። እሱ ቀና እንኳ አላለም። ወደ ለስላሳው 1500፣ ከዚያ ይበልጥ ወደሚለሰልሰው 3000 ሄደ፣ በፖሊሽ ወለወለው፣ አደረቀውና ክሊር ደርቦ ረጨበት። አምፖሉንም በልኩ ቀየረው። ጠዋት ሰጥተነው ለምሳ ወሰድናት። የጠየቀን 2,500 ብር ነው፣ ጨምሬ ብሰጠው "በቃኝ" ብሎ መለሰልኝ።

ውስጡ ውሃ የገባ ወይም አንጸባራቂው የተላጠ መብራት ከሆነ ግን ከላይ ቢወለወልም ለውጥ የለውም፣ ራሱ ልጁ ነው የነገረኝ፣ ያኔ ያገለገለ ኦርጅናል መፈለግ ይሻላል። ወደሱ የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ አቧራ ስለሚያነሳ ክሊር አልረጭም ይላል።