ለእንጅባራ የፈረስ በዓል የቱን ጋቢ ልግዛ?

ጥር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ለእንጅባራ ጋቢ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?» ለአንዷ መልሼ ሳልጨርስ ሌላዋ ትደውላለች። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መልሴን ከፊት ልንገራችሁ። የእጅ ፈትል ግዙ። ብር ካጠረ የፋብሪካ ጥጥ። «የእጅ ፈትል ነው» እየተባለ በየገበያው የሚዞረውን አስመሳይ ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ። ለምን እንዲህ እንዳመረርኩ ትሰማላችሁ።

የባሕር ዳር ሰው በበጋ ጋቢ ትዝ አይለውም። ጣና ዳር በአጭር እጅጌ ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣ ሰዎች ነን። እንጅባራ ግን ሌላ ነው። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ እንጅባራ ከ2,500 በላይ ነች። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። መራዊን፣ ዱርቤቴን፣ ዳንግላን እያለፋችሁ ስትሄዱ ብርዱም እየበረታ ይመጣል። «ጃኬት አይበቃም ወይ?» የሚለኝ አለ። ለብርዱማ ይበቃል። ግን በዓሉ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው፤ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር። አባቶች አድዋ ላይ ከነፈረሳቸው የዋሉበትን ውሎ ልጆቻቸው ጥር 23 በፈረስ ሆነው ያሳዩናል። አድዋም የካቲት 23 ነው፤ ሁለቱም የጊዮርጊስ ዕለት። ፈረሱ አጊጦ፣ ሽማግሌው ነጭ ለብሶ፣ ጉግሱና ሽምጥ ግልቢያው ሲደራ በጥቁር የቻይና ጃኬት መሀላቸው መቆም እኔ አልችልም። የምትችሉ እዚህ ላይ ማንበብ አቁሙ፤ ብራችሁም ይተርፋል።

አሁን ወደ ተሸወድኩበት። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ጋቢ ፍለጋ የወጣሁት በዋዜማው ነው። በዋዜማ ገበያ መውጣት ራሱ ስህተት ነው፤ ሻጩ ቸኩላችሁ እንደመጣችሁ ከፊታችሁ ያነባል። 2,500 ብር ጠራ። «እህቴ፣ የእናት ፈትል እኮ ነው! ዳሰስ አድርገሽ ራስሽ ፍረጂ!» ዳሰስኩት። ወፈር ቀጠን የሚል፣ ሻከር ያለ ክር ነው። 1,800 ላይ ተስማማን። 700 ብር አስቀነስኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

በማግስቱ ሜዳው ዳር አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ዘንድ ተቀምጠናል። ብርዱ ጋቢውን አልፎ ትከሻዬን ይዞኛል፤ ደግነቱ ከሰሉ አጠገብ ነኝ። አንዲት ፍንጣሪ ብድግ ብላ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ቶሎ አራገፍኳት። ምስር የምታክል ቀዳዳ ቀረች፤ ዙሪያዋ ጠቁሮ እንደ ዶቃ ጠጥሯል። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ቀጭ ቀጭ ይላል። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው አዩና «ልጄ፣ ጥጥ ይነዳል እንጂ ይቀልጣል እንዴ?» አሉኝ። ጓደኞቼ ዳንግላ እስክንደርስ ሲስቁብኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ዘርግቼ አየሁት። ጥለቱ አጠገብ፣ ከዳር ስንዝር ያህሉ እውነተኛ ፈትል ነው። መሀሉ በሙሉ ፖሊስተር የበዛበት የማሽን ክር። ገዢ የሚዳስሰው ዳሩን ነዋ! ሳጥበው ቀዩ ጥለት ለቀቀና ነጩ ሮዝ ሆነ። በረኪና ሞከርኩ፤ ሮዙ ወደ ቢጫ ሄደ። በሦስተኛው ወር የመሀል ስፌቱ ተተረተረ። ሰፊ ጋ ወስጄ 100 ብር ከፈልኩ፣ ደግሞ ተተረተረ፣ ደግሞ 100 ብር። ሰፊው ራሱ ሰለቸውና «ክሩ ያንሸራትታል፤ ስፌት አይዝልሽም» አለኝ። በድምሩ 2,000 ብር ወጥቶበት አሁን ጋዝ ሲሊንደር ለብሶት ይውላል።

የፋብሪካውን አላጣጥለውም። ፋብሪካ ነኝ ብሎ ነው የሚሸጠው። ለእህቴ ልጅ በ1,400 ገዝተናል፤ ተማሪ ነው። ቀለል ይላል፣ በማሽን ይታጠባል፣ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይደርቃል። ይሳሳል እንጂ አያሳፍርም፤ ከውስጥ ሹራብ ከተደረገ የእንጅባራን ጠዋት ያሳልፋል። ጥጥ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። በዓመት አንዴ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ይህ ይበቃዋል።

የኔ ፍቅር ግን የእጅ ፈትሉ ነው፤ አልደብቅም። የዛሬ ሁለት ዓመት አሠራሁ። ሱቅ ውስጥ አልቆ የተሰቀለው 5,500 ብር ነበር። ያንኑ ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት 6,500 ብለውኛል፤ ያው ጋቢ፣ ያው መስቀያ! ስለዚህ በራሴ መንገድ ሄድኩ። ፈትሉን ከጎረቤታችን እማማ በ2,600 ገዛሁ። ከመስከረም ጀምረው በእንዝርት የፈተሉት ነው፤ ልቃቂቱን በሰፌድ ሞልተው ሲሰጡኝ እጃቸውን ስሜ ነው የተቀበልኩት። ድር 350፣ የሸማኔ 900፣ ማስቋጫና ስፌት 150። ድምሩ 4,000 ብር። ከሱቁ 1,500 ብር አተረፍኩ፤ ከጥምቀት ሰሞኑ ዋጋማ 2,500። «ከፋብሪካው ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምን ቀረው?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። የእናቴ ጋቢ ግን 15 ዓመት አልፎታል፤ ዘርፉ ብቻ ነው ሁለቴ እንደገና የተቋጨው። ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ለመለየት አንድ ነገር ልብ በሉ። በእጅ ፈትል ጋቢም ቢሆን ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ በእጅ የሚፈተለው ማጉ ነው። ስለዚህ አንዱን ለስላሳ ክር መዛችሁ «ሌባ!» ብላችሁ እንዳትጮሁ፤ የምትፈልጉት በአግድም የተወረወረውን ነው። ጋቢውን እስከ መሀሉ ግለጡና ወደ ብርሃን አንሱት። የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር፣ አንድ ቦታ ቀጠን እያለ ይሄዳል። ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሆነ ማሽን ነው። ሻጩ ካልከፋው ከዘርፉ አንድ ክር በክብሪት ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ የኔውን ዶቃ ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። ዘርፉ ላይ ያለው ግን ድሩ ስለሆነ ይህ ብቻውን አያስተማምንም። ሻጩ ከከፋው ደግሞ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

የእጅ ፈትል ጣጣም አለው። አራት ድርብ ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ሁለት ሰው ነው የሚጨምቀው። ለመድረቅ የኔ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። መጀመሪያ ሲታጠብ ስብስብ ይላል፤ ስታሠሩ ትንሽ አስረዝሙት። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፤ በረኪና ፈጽሞ አታስነኩት። እንጅባራም ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐዩ ይከራል፤ ያን ጊዜ ክንድ ላይ ሸክም ነው። ፈረስ ባለፈ ቁጥር ደግሞ አቧራው አይጣል ነው፤ ነጭ መልበስ ዕዳ አለው።

ለማሠራት ያሰባችሁ ጥር ላይ አትነሱ። ገናና ጥምቀት ሲቃረብ ሸማኔው ቀና ብሎም አያያችሁም፤ ፈትሉን እስከ ኅዳር አስረክቡት። ስታስረክቡ ደግሞ ድሩንም ማጉንም በሚዛን አስመዝናችሁ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ጋቢው ሲያልቅ እዚያው ሚዛን ላይ ይውጣ። ጥቂት ብናኝና ቁርጥራጭ ይቀንሳል፤ ይህ ያለ ነው። ብዙ ከቀነሰ ወይም ማጉ ላይ እኩል የሆነ ክር ካያችሁ ግን የሠራበትን ሳትከፍሉ ጠይቁት። የኔው ሸማኔ ሚዛን ሳወጣ ሳቀብኝና «አንቺማ ቀደም ሲል የተቃጠልሽ ነሽ» አለኝ።